ዴሊላ የለችም

ወሎ ውስጥ እንግዳ እየመጣ ከቤት መውጣት ነውር ነው። ሠርግ ያፈርሳል። ፋየርዋች የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ለሠሩት ሰዎች ግን ይህን የነገራቸው የለም።

ጌሙ የወጣው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። ተኩስ የለ፣ ነጥብ የለ፤ ጫካ ለጫካ እየዞርክ ወሬ መስማት ነው። ሄንሪ የሚባል ሰው ሚስቱን ገና በጎልማሳነቷ የመርሳት በሽታ ይይዛታል። ወላጆቿ ወደ አውስትራሊያ ይወስዷታል። እሱ በ1989 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ሄዶ ማማ ላይ እሳት ጠባቂ ይሆናል። አለቃው ዴሊላ ሌላ ማማ ላይ ናት። የሚገናኙት በሬዲዮ ብቻ ነው።

አሜሪካ ያለው ዘመዳችን 20 ዶላር ከፍሎ ገዛልኝ። ደሴ፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ቡና እየተቆላ ከፈትኩት። ከዚያ ወዲያ ጌሙ የኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። አክስቴና ሁለት የሰፈራችን ዱበርቲዎች (አዛውንት እናቶች) ከረከቦቱ ዙሪያ ሆነው ተርጉም አሉኝ።

«ማማው ላይ ምን ይሠራል? ወፍ ነው የሚጠብቀው?»

«እሳት ነው፣ እማማ።»

«ለማሽላው?»

«ለጫካው።»

አቦል ላይ ሁሉም ሸጋ ነበር። ፀሐይዋ ልክ ቶሳ ተራራ ላይ እንደምትገባዋ ጫካውን ወርቅ ታለብሰዋለች። የሁለቱ ድምፅ፣ የተዋናዮቹ የሪች ሶመርና የሲሲ ጆንስ፣ ጆሮ ይይዛል። እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ዶላሩ አልቆጨኝም።

ቶና ላይ ነገር መጣ። ሁለት ወጣት ሴቶች ይጠፋሉ። የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ይገኛል። የነሄንሪን ጨዋታ የሚያዳምጥና በጽሑፍ የሚይዝ ሰው አለ! አክስቴ ስኒ መቅዳቷን ትታ «መንግሥት ነው» አለች። እኔም ልቤ ተንጠልጥሏል።

በረካ ላይ ተበላን። ጉዳዩ ሁሉ ልጁ ዋሻ ውስጥ የሞተበትና ጫካ የተደበቀ የአንድ አባት ሥራ ሆኖ አረፈው። ሴቶቹም ትራክተር ሰርቀው ታስረው ኖሯል። (ያልጨረሳችሁት ካላችሁ አፉ በሉኝ፤ ግን ይሄን ያህል ዓመት ምን ስትጠብቁ ነበር?) ጫካው ሲነድ ሄንሪ ዳገቱን ቧጦ ዴሊላ ማማ ይደርሳል። የለችም! ቀድሞ በመጣ ሄሊኮፕተር ሄዳለች። መሰናበቻውም በሬዲዮ ነው።

«ክረምቱን ሙሉ ስታወራው ከርማ?» አለች አክስቴ። «አንድ ስኒ እንኳ ጀባ ሳትለው?»

ጌሙን የሚወዱት ሰዎች ውበቱ እዚያ ላይ ነው ይላሉ፤ ሕይወት ራሷ መች መልስ ሰጥታ ታውቃለች ይላሉ። ይሁን። መልስ የሌለው ነገር ግን እኛ ቤት በነፃ ሞልቷል፤ የውኃ ቆጣሪውን ማን እንደሰበረው እስከዛሬ አልታወቀም። ለጌም የሚከፈለው ሌላ ነገር ለማግኘት ይመስለኝ ነበር።

ዱበርቲዎቹ ግን በዚያ አላቆሙም። አንደኛዋ ለዴሊላ ሽማግሌ ይላክ አሉ። ሌላዋ ተቆጡ፤ የታመመች ሚስት እያለች? መጀመሪያ አውስትራሊያ ሄዶ ይጠይቃት! ዴሊላም በመጨረሻ የመከረችው ይህንኑ ነው ብዬ ስተረጉም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟ በደግ ተነሣ። ሽማግሌውም ቀረ።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አሉ ከዚያ አንደኛዋ፣ ስኒያቸውን መለስ እያደረጉ። «ትራክተሩ ለባለቤቱ ተመለሰለት?»