እነሱ ጋ አለ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይሰጠው። የምርምር ቤተ መጻሕፍትን የቦታ ጭንቅ የፈታው ሕንፃ አይደለም። በጀትም አይደለም። ሦስት ቃል ነው፦ «እነሱ ጋ አለ።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። መደርደሪያ ይሞላል። ከበላይ ደግሞ ትእዛዝ ይወርዳል፤ ለሶፋ፣ ለላፕቶፕ መሰኪያ፣ ለመወያያ ክፍል ቦታ ይፈለጋል። የድሮ መጽሔት ጥራዞች ሜትር በሜትር ተሰልፈው አቧራ ይጠጣሉ። ኃላፊው የትኛው መጽሐፍ የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ የሚያሳየውን የጋራ ካታሎግ ይከፍታል። ያው መጽሔት ሌላ አሥራ ሁለት ቦታ አለ! «እነሱ ጋ አለ» ይላል፣ ጥራዞቹ በጋሪ ይወጣሉ። በዚያው ሰሞን አሥራ ሁለቱም ኃላፊዎች ያንኑ ካታሎግ ከፍተዋል። የእኛን ሰው ቤተ መጻሕፍት ስም አይተው ልባቸው አርፏል። ጋሪያቸውም ተንቀሳቅሷል።

እንዲህ ያለ መተማመን ዛሬ የት ይገኛል? ባልና ሚስት ስልክ በሚፈታተሹበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ሳይደዋወሉ ተማመኑ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተራቹ አንድ ነገር አልታየውም። ሃምሳው ሰው የጎረቤቱን ሎሚ አይቶ የራሱን ቀስ ብሎ መሬት ሊያስቀምጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሸክምም የለም፣ ጌጥም የለም፣ ሎሚም የለም። እጅ ግን ነፃ ነው። ነፃ እጅ ደግሞ ለስብሰባ ይመቻል።

ይህን ውበት ማየት ያቃታቸው ተጠራጣሪዎች አይጠፉም። እነሱ «ጻፍልኝ» ባዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ስካን የተደረጉ መጻሕፍትን በጋራ በሚያኖረው የቤተ መጻሕፍት ማኅበር፣ በሃቲትረስት ጥላ ሥር 50 ቤተ መጻሕፍት (ሎሚውን እኔ አልቆጠርኩም፣ እንዲሁ ገጠመ) ወደ 4.8 ሚሊዮን የሚሆኑ የታተሙ ጥራዞችን ለ25 ዓመት ላለማስወገድ ቃል ገቡ። ለየትኛው ጥራዝ ማን እንደሚጠየቅ የሚታወቅበት ቃል ነው። እንዲህ ዓይነት የጋራ ጥበቃ ውስጥ የሚገቡ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጋቸው ላይ 583 የሚባል መስክ አላቸው። እዚያ ላይ «ይህን ቅጂ እስከዚህ ዓመት የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብለው ይመዘግባሉ። እኔ ነኝ! አንደኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር። ጨዋ ሰው እንዲህ ይናገራል? ደግሞስ ወዳጅ ከወዳጁ ፊርማ ይቀበላል?

እንግሊዞቹ የበለጠ አሳፋሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዩኬ ሪሰርች ሪዘርቭ የሚባል ነገር ጀመሩ። አንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሔቱን ከመጣሉ በፊት አንድ ቅጂ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ሁለት ደግሞ ሌሎች አባላት ዘንድ መኖራቸው መረጋገጥ ነበረበት። ሦስት ቅጂ ቆጥረው ነው እንግዲህ ይጥሉ የነበሩት። የእኛ ሰው እስከ አንድ እንኳ ሳይቆጥር ነው የሚጥለው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የእነዚህ ተጠራጣሪዎች ፍተሻ ነው። አንዳንዶቹ መደርደሪያው ድረስ ይሄዳሉ። ጥራዙን ያወጣሉ፣ ገጽ በገጽ ይገልጣሉ፣ የጎደለና የተቀደደ ካለ ይጽፋሉ። ምክንያታቸው ምን መሰላችሁ? ካታሎግ ላይ ያለ ሁሉ መደርደሪያ ላይ አይገኝም ይላሉ። የሰው ስም እንዲህ ይጠፋል እንግዲህ።

«እነሱ ጋ አለ» ትናንት የመጣ ጥበብ አይደለም። ባለፈው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦቻቸውን በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጹን አሳንሶ በሚይዝ የፎቶ ፊልም፣ አንስተው ጥራዞቹን አሰናብተዋል። ባለቀለሙ የእሑድ ገጽ በፊልሙ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ ምን ችግር አለው፣ ቀለም ዓይን ያደክማል። ወረቀቱ መሞቱን የሚያረጋግጡበት ፈተናም ነበራቸው። የገጹን ጥግ ወደፊት ያጥፋሉ፣ ወደ ኋላ ያጥፋሉ፣ እስኪበጠስ ይቆጥራሉ። ቶሎ ከተበጠሰ የመጽሐፉ ዕድሜ አለቀ ማለት ነው። ገጽ የሚገልጥ አንባቢ እንጂ ጥግ ይዞ ወዲህና ወዲያ የሚያጥፍ አንባቢ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ግን ሳይንስ ነው፣ አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ብሪቲሽ ላይብረሪ የአሜሪካ ጋዜጦቹን ለሽያጭ ሲያወጣ ደራሲው ኒኮልሰን ቤከር ብዙዎቹን ገዛ። ስብስቡ ኋላ ዱክ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ ጠባቂው አንድ ጸሐፊ ነበር። ተቋማት ተማምነው ሲያበቁ ሰውየው ብቻውን ያልተማመነ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በማይክሮፊልም ፋንታ «ስካን ተደርጓል» አለ። ይህች ሁለተኛዋ ምርኩዝ ናት። እኔም ተደግፌባታለሁ። መቶ ዓመት ያለፈው መጽሔት ውስጥ ያለ ካርታ ፈልጌ ነበር። ስካኑ ወዲያው ተገኘ። ጽሑፉ ይነበባል፣ ደስ ይላል። ካርታው ጋ ስደርስ የታጠፈ ወረቀት ጀርባ አየሁ። ስካን አድራጊው ሳይዘረጋው አልፎታል። ጥጉ ላይ ሮዝ የላስቲክ ቆብ ያጠለቀች አውራ ጣት አለች። ጣቷ ጥርት ብላ ወጥታለች፣ የላስቲኩ ሽብሽብ ሳይቀር ይቆጠራል። ለወደፊት የጣት ተመራማሪዎች ትልቅ ሀብት ነው።

ወረቀቱን ልይ ብዬ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ጻፍኩ። ትሑት መልስ መጣ፤ ቅጂያችን ከስብስቡ ወጥቷል፣ ግን እነሱ ጋ አለ። እነሱ ጋ ጻፍኩ። እነሱም ትሑት ናቸው፤ የእኛ ወጥቷል፣ መጀመሪያ የጠየቋቸውን ቢጠይቁ ይሻላል። ሦስተኛው ካታሎግ ላይ «መደርደሪያ ላይ» ይላል። የመደርደሪያው ቦታ ላይ አሁን ያማረ ሶፋ እንዳለ የነገረችኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት፣ ደግ ልጅ ነበረች።

በመጨረሻ ጥራዙን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዛሁት። የርዕስ ገጹ ላይ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለ፣ በላዩ ላይ «ተወግዷል» የሚል ሌላ ማኅተም ተመትቶበታል። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በማጠፊያው መስመር ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ሙሉ ነው። ደስታዬ ስለበዛ ለዚያች ልጅ አገኘሁት ብዬ ጻፍኩላት። በሁለተኛው ቀን ከአለቃዋ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። ወደፊት ይህን መጽሔት የሚጠይቅ አንባቢ ከመጣ እርስዎ ጋ አለ ብለን እንድንልክልዎ ፈቃድዎ ይሁን ይላል።