በአውራ ጣት የሚመረመር ሳይክል

አሮጌ ሳይክል እየጠገንኩ እሸጣለሁ፤ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ጎንበስ ይልና የፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል። ቀጥሎ የኋላውን። ከዚያ ቀና ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። በቃ፣ ምርመራው አለቀ። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ "የመጨረሻው ስንት ነው?" የሚል ነው። የመጀመሪያው ስንት እንደሆነ ገና አልጠየቀም እኮ!

ሰሞኑን የመጣው ደግሞ በጣት አልረካም፤ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ያቆምኩለት የድሮ ራሌይ፣ የእንግሊዝ ሳይክል፣ ነበር፤ ፍሬኑ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ሰንሰለቱ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ኮርቻው የቆዳ። "ነፋሱ ጥሩ ነው" አለኝ። ነፋሱ! ነፋሱን ጠዋት የሞላሁት እኔው ነኝ፣ በእጅ ፓምፕ። የተነፋ ጎማ ሻጩ ቁርስ መብላቱን ይመሰክር እንደሆነ እንጂ ስለ ሳይክሉ የሚያውቀው ነገር የለም።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" የምትለዋን ተረት የምር እወዳታለሁ። እናቴ የምትተርታት የጎረቤት ፍየል አጥር ሾልካ ጎመናችንን ስትግጥ ነበር። ፍየሏን አታባርራትም። ግቢው መሐል ቆማ፣ ፊቷን ወደ ጎረቤት ቤት አዙራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትተርታለች። ፍየሏ ታላምጣለች፤ እትዬ ከጓዳቸው ይሰማሉ፤ ማታ ቡና ላይ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይገናኛሉ። ጎመኑ ግን አልቋል። እኔም ከእናቴ የወረስኩት ይህንኑ ነው። ሰውየው ጎማዬን በጫማ ሲነካካ ምንም አላልኩትም፤ ወደ ራሌዩ ዞሬ ተረትኩለት።

ደግሞ በዚህ የአውራ ጣት ነገር የቆየ ቂም አለብኝ። በእኔ ዕድሜ ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሳይክል የለመደው በኪራይ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ሳይክሎቹ ግን የትልቅ ሰው ነበሩ። ኮርቻው ላይ ብንወጣ እግራችን ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ፣ በአግዳሚው ብረት ሥር አንድ እግር አሾልከን፣ ወገባችንን አጣመን፣ ግማሽ አካላችን በዚህ ግማሹ በዚያ ሆኖ እንነዳለን። የሚያከራየን ሰውዬ (ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ አሉ) የእጅ ሰዓት ነበረችው፣ በከተማው ካሉት ሰዓቶች ሁሉ የምትሮጥ። የግማሽ ሰዓት ከፍለህ ሁለቴ ዞረህ ስትመለስ "አልፏል" ይልሃል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫንና፣ "ነፋስ አጉድለሃል" ይላል። ያስከፍለናል! ሳንቲም ያልያዘ ልጅ ቀበቶው ይያዝበታል። ሱሪዬን በእጄ ይዤ ቤት የገባሁበት ቀን አለ። ያን ነፋስ ወስጄ የት እንዳደረግኩት ይነግረኝ እንደሆነ ዛሬም ልጠይቀው ዝግጁ ነኝ። ጣና ዳር ተቀምጦ ነፋስ የሚሸጥ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ያኔ ሳይክል ሳይክል ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲቀይር መንገዱ በሙሉ የደወል ድምፅ ይሆን ነበር። መምህሩም፣ ነርሷም፣ ቄሱም ጥምጥማቸውን አሳምረው በሳይክል ነው የሚሄዱት። አሁን ባጃጁ ዘንባባውን ሁሉ ሳይቀር ደወል ያስረሳው ይመስላል። የብስክሌት መስመር ግን አለን! በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል፤ በቀለም የተሰመረ፣ የሳይክል ሥዕል ያለበት። ሥዕሉ ላይ ቆመው ሰልፊ ይነሳሉ። ሥዕሉ ላይ ሞተር ያቆማሉ። በሳይክል የመጣሁ እለት ደግሞ አንዱ ወጣት "ጋሼ፣ ምነው መኪናዎትን ምን ነካት?" አለኝ። መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ቢኖረኝም አልነግረውም።

"ሳይክል እኮ የልጅ ነው" የሚል ገዢም አለ። ዋጋ ማውረጃ ናት። ለዚህ መልስ አላጣም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ጋለበ። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. እዚያው ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ሰውየው "እሺ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?" ይለኛል።

እስቲ የሚሰማኝ ባይኖርም ልናገረው። አሮጌ ሳይክል ልትገዛ ከሄድክ ጎማውን ተወው። ጎማ ገበያ ላይ አለ፣ ይቀየራል። ሳይክሉን ገልብጠህ በኮርቻውና በመሪው አቁመውና ቸርኬውን አሽከርክር። ዓይንህን የፍሬኑ ላስቲክ ላይ ትከል። ቸርኬው ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ራጂዎቹ፣ እነዚያ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች፣ ላልተዋል፤ ይጠብቃሉ። ወደ ላይ ወደ ታች ከዘለለ ግን ጉድጓድ መቶታል፤ ዋጋ አስቀንስ። ከዚያ ቸርኬውን ይዘህ ወደ ጎን ግፋው። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል። አሁን ወደ ቴላዮው፣ ወደ ሳይክሉ የብረት አጽም፣ ና። ከመሪው በታች ረጅሙ ቱቦ ከፊተኛው አጭር ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከሥሩ በኩል ዳስሰው። ቀለሙ እዚያ ጋ ከተሸበሸበ ያ ሳይክል አንድ ቀን ከግድግዳ ወይም ከባጃጅ ጋር ተዋውቋል ማለት ነው። አውራ ጣትህን የግድ ማሠራት ካለብህ እዚያ አሠራት።

የኮርቻውን ዘንግም ሞክረው። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ ዘንግ ከቴላዮው ጋር በዝገት ተጣብቆ ንቅንቅ አይልም። ሻጩ "ለቁመትህ ልክ ነው" ይልሃል። ለሁሉም ቁመት ልክ ነው! ላምባ እያንጠባጠብክ ታሳድረዋለህ፣ በማግስቱ በመዶሻ ታባብለዋለህ፤ አንዳንዱ ይለቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱን ሁሉ ቀብሮ እዚያው ይቀራል። ፍሬን ደግሞ በሜዳ አይፈተንም፤ ባሕር ዳር ያለው ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተህ ቁልቁል መልቀቅ ነው። "ልሞክረው" ብሎ ነድቶ የሚሄድ ካጋጠመህ ግን መታወቂያውን ያዝ፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው።

ጎማ መጫን ካማረህ ቢያንስ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 28 ይላል። አንተም ሱቅ ሄደህ "የ28 ጎማ" ትላለህ፣ ይሰጥሃል፣ ቤትህ ስትደርስ እምቢ ይላል። ምክንያቱም ባለ ዘንግ ፍሬኑ የእንግሊዝ ሳይክልና እሱን መስሎ የተሠራው የሻንጋዩ ፊኒክስ ጎማ የሚቀመጥበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 635 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙው የዛሬ "28" ግን 622። አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት አትበል። አንድ ጎሚስታ በሁለት ካቻቢቴ ሲታገላት አይቻለሁ፤ ካላማዳሪው ተቀደደ፣ ቸርኬው ተፋቀ፣ ጎሚስታው ለድካሙ ተከፈለው።

ሌላም አለ። የግራው ፔዳል ጥርሱ በተቃራኒ ነው፣ እየተነዳ እንዳይፈታ። የሚያግዘኝ የጎረቤት ልጅ ሊፈታው ብሎ በሙሉ ክብደቱ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥሎ አጠበቀልኝና፣ "ጋሼ፣ ይሄ ዝጓል" አለኝ። እሱን አልቆጣም፣ ሥራ ይወዳል። የምቆጣው በሌላ ነው።

ኩሽኔታውን አውጥቼ፣ በላምባ አጥቤ፣ የተበሉትን ኳሶች ቀይሬ፣ ግራሶ ሞልቼ መልሼ ስገጥም ከሰዓቱ ያልቃል። በቆርቆሮ ቀለም መርጨት ግን የሻይ ሰዓት ሥራ ነው። ገበያው የሚከፍለው ለየትኛው ይመስላችኋል? ግራሶ አይታይም። ደላላው መጥቶ "ጋሼ፣ ቀይ ቀለም ንፋበትና 3,000 ጨምርበት" ይለኛል። የድሮ ራሌይ ቴላዮ ላይ በብሩሽ የተሰመረች ቀጭን ወርቃማ መስመር አለች፤ ሠዓሊው እጁ ሳይንቀጠቀጥ ያወረዳት። ያቺን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀይ ነፍቶ፣ ላዩ ላይ ያሳተመውን ተለጣፊ ለጥፎ "ኦርጅናል" የሚል ሰው አለ፤ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ይሠራል፤ ከእኔ በእጥፍ ይሸጣል። ይህ ይሁን። ግን የተሰነጠቀ ቴላዮ በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ነፍቶ መሸጥ ንግድ አይባልም። ያ ቴላዮ ቁልቁለት ላይ ሲበጠስ የሚወድቀው በጥርሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም ተማሪ ነው። ደግሞ ያንን ሳይክል ሲገዛ ማን ምን እንዳየ አትጠይቁኝ። ጎማውን ነው።

ወደ ጎማው ልመለስ፣ ነገሬ እሱ ነበርና። ጎማ ሳይጫን የገዛኝ ሰው አጋጥሞኛል፤ አንድ ብቻ። ለዚያው ራሌይ 12,000 ብር ስለው አልተከራከረም። "የመጨረሻው" አላለም። ፍሬኑን ላሳየው ስል "ግድ የለም" አለኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ሳይ ደስ ብሎኝ ፓምፑን በነፃ መረቅኩለት። እሱም "ፓምፑ አያስፈልገኝም" አለ። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበር።

ካፌ ሊከፍት ኖሯል። ራሌዩ ነጭ ተቀብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቴላዮው በድሪል ተበስቶ በብሎን ታስሯል። መሪው ላይ ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ውስጥ የላስቲክ አበባ። ከሥሩ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ያ ሁሉ ግራሶ ውስጡ አለ፤ ቸርኬውን ብትነካው እስከ እራት ይሽከረከራል፤ ማንም አይነካውም። ይባስ ብሎ ሹካውን፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ብረት፣ ወደ ኋላ አዙረው ገጥመውታል። የፊት ጎማው ፔዳሉን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል! ማኪያቶዬ እስኪመጣ መታገስ አቅቶኝ ባለቤቱን ጠራሁት።

"ሹካው ተገልብጧል" አልኩት።

ቀና ብሎ አየው። ወደ ጎንም ዘንበል ብሎ አየው።

"ማን ያያል ጋሼ?" አለኝ፣ ጠረጴዛዬን እየጠረገ። "ስኳር ይጨመርልዎ?"

አንድ አስጨመርኩ። ሰው የሚጎዳው ሳይክል ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ካለው ቤት የሚወጣው ነው።