«እኔ እንኳን ህንድ ፊልም አላይም» ለምትሉ ጀግኖቻችን

ዛሬ ማመስገን የፈለግኩት ህንድ ፊልም የማያዩ ሰዎችን ነው። በእውነት ውለታቸው አልተከፈለም። እኛ ተራዎቹ ቁጭ ብለን እናያለን፣ እናለቅሳለን፣ ተናፍጠን እንነሳለን፣ አለቀ። እነሱ ግን ቆመው ነው የሚያዩት። በር ተደግፈው፣ አንድ እግር ሳሎን አንድ እግር ኮሪደር፣ የመኪና ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ፣ ልወጣ ነው ልወጣ ነው እያሉ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ባቡር ድረስ። ማራቶን እንኳን በሁለት ሰአት ከምናምን ያልቃል፣ ይሄ ሶስት ሰአት ከ9 ደቂቃ ነው፣ ያውም በቁም፣ ያውም እንዳላየ ሆኖ።

የኛ ቤት ጀግና ጋሼ ናቸው፣ የአክስቴ ባል። ባለፈው እሁድ አክስቴ ቡና አፍልታ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ዲሹ ላይ ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ ጀመረ። ስሙን አንብቤ ሳልጨርስ ሻሩክ ካን ከሱቅ ቢራ ነጥቆ ሄደ። ጋሼ ከበሩ ሆነው «ኧረ በናታችሁ ይሄን ነገር ቀይሩት፣ ሰው እሁዱን በዚህ ያጠፋል?» አሉ።

ሪሞቱ እሳቸው እጅ ላይ ነበር።

እስቲ አስቡት፣ ፊልሙ ሂንዲ ነው፣ ከስር የሚሄደው ጽሁፍ ደግሞ አረብኛ። ጅዳ ሰባት አመት ሰርታ የመጣችው የአክስቴ ልጅ አረብኛ እንደ ውሃ ታወርደዋለች፣ ማንበብ ግን አትችልም፣ ማን ጊዜ ሰጥቷት ፊደል ትቁጠር፣ ስለዚህ እቤት ካለነው ሰዎች አንዳችንም ምን እንደሚባል አናውቅም። ሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ሲሆን ነው። ጋሼ ሂንዲ አይችሉም፣ ግን ይተረጉማሉ። «አሁን ይሄ አባትየው፣ ለንደን ሱቅ ያለው፣ ልጅቷን ገና በህጻንነቷ ህንድ ሀገር ፑንጃብ ላለ ጓደኛው ልጅ ቃል ገብቶባታል፣ እሷ ግን ልጁን አይታው አታውቅም» ይሉና መለስ ብለው «እኔ እንኳን አይቼው አላውቅም፣ ሁሉም አንድ አይነት ስለሆነ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሁሉም አንድ አይነት ስለሆነ ነው የልጅቷ የሲምራን ታናሽ እህት ቹትኪ እንደምትባል ያወቁት። ሁሉም አንድ አይነት ስለሆነ ነው ሻሩክ ቃጭል ከመግዛቱ በፊት «አሁን ቃጭል ይገዛላታል፣ የላም ቃጭል፣ ምን ያለው ነው» ያሉት።

የማያዩ ሰዎች ሌላው ትልቁ ስጦታቸው ውሸት መያዝ ነው። ሲምራን ስዊዘርላንድ በረዶ ላይ በአጭር ቀይ ቀሚስ ስትጨፍር ጋሼ ተቆጡ። «ብርድ አይሰማትም? ሳንባዋስ? ደግሞ ሰው ሲያፈቅር እንዲህ ይዘፍናል እንዴ? ውሸታሞች!» እኛ ተመስገን ነው ውሸት አንወድም። የኛ ክሊፕ ላይ ልጁ እንጦጦ ጫፍ ብቻውን ሆኖ ናፈቅሽኝ ብሎ ይጀምራል፣ ከየት መጡ ሳይባል አስራ ሁለት ተወዛዋዥ ከኋላው ይፈላል፣ ናፈቅሽኝ ሲል የጎንደር ለብሷል፣ ነይልኝ ሲል የጉራጌ፣ ስትቀርበት ሱፍ፣ ስትመጣለት ደግሞ ፈረስ ላይ ነው፣ ፈረሱ የማን እንደሆነ እንኳን አይታወቅም። ይሄ ግን ባህል ስለሆነ እውነት ነው።

እዚህ ላይ ራሴንም ላመስግን፣ ሰው ራሱን ካላመሰገነ ማን ያመሰግነዋል። እኔ ቆሜ አላይም፣ ቁጭ ብዬ ነው የማየው፣ ግን እንባዬ ሊመጣ ሲል ስልኬን አውጥቼ ጉግል አደርጋለሁ። እንባ የሚያስቀር ዘዴ ነው፣ ሞክሩት። ዝናብ ላይ የምትጨፍርበት ዘፈን ሲመጣ፣ አይታው የማታውቀውን ሰው የምታልምበት፣ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ሲያንቀኝ ቶሎ ብዬ ፈለግኩ፣ ለካ ድምጹ ሲምራንን ሆና የምትሰራው የካጆል አይደለም፣ የዘፋኟ የላታ ማንጌሽካር ነው። ካጆል ፊልሙ ሲወጣ 21 አመቷ ነበር፣ ላታ ደግሞ በፈረንጆቹ 1929 የተወለደች ስለሆነ 66። እና የ21 አመት ልጅ በ66 አመት እናት ጉሮሮ ነው ያንን ሁሉ የምትመኘው ማለት ነው። ለጋሼ ብነግራቸው «አላልኳችሁም! ሁሉም ማጭበርበር ነው!» ብለው ከበሩ ተነቃነቁ። ተናደው ሊወጡ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ድምጽ ሊጨምሩ ነው።

ሴቶቹ ለባላቸው ቀኑን ጾመው ማታ በሱ እጅ ውሃ የሚጠጡበት በዓል ደርሶ፣ ሲምራን ለባልነት ለታጨላት ለኩልጂት መጾም ሲገባት ለሻሩክ ጾማ፣ በሱ እጅ ውሃ ለመጠጣት ብላ የወደቀች ስትመስል ደግሞ አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱም ለካ እሷ ሳታውቅ ቀኑን ሙሉ ጾሞላት ነበር። አክስቴ ሁዳዴን በሙሉ የምትጾም ሰው ናት፣ ለሷ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ፣ ከዚህ ወዲያ ያ ልጅ ሰው ቢገድል ጠበቃ ትቆምለታለች። እኔ ጉግል አደረግኩ። ሙምባይ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ማራታ ማንዲር የሚባል ሲኒማ ቤት ፊልሙን ከወጣበት ጊዜ፣ በኛ ከጥቅምት 1988 ጀምሮ እያሳየ በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ላይ 1000ኛ ሳምንቱን አክብሮለታል። 1000 ሳምንት! ያ ሁሉ ቲኬት የተቆረጠው እንግዲህ ከሰው ስንት ጊዜ «እኔ እንኳን አላይም» ተብሎ ይሆን።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የልጅቷ እናት የራሷን ጌጣጌጥ አውጥታ ለሻሩክ ሰጥታ ይዘሃት ጥፋ፣ እኔ ያጣሁትን እሷ አትጣው ትለዋለች። ሲምራንም መጥፋት ነው የምትፈልገው። እሱ ግን አይሆንም፣ አባትሽ እጅሽን በእጁ ካልሰጠኝ አልወስድሽም ይላል። ጋሼ ይሄኔ አጨበጨቡ፣ በር ተደግፎ የቆመ ሰው ሲያጨበጭብ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ይሄ ነው ወንድ! ሽማግሌ ሳይልክ የሰው ልጅ አይነካም!» ደስ ይላል፣ ጠለፋ በኖረበት ሀገር ተቀምጦ ላየው ሰው ያስጨበጭባል፣ አልዋሽም እኔም ደስ ብሎኛል። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ልጁ ፑንጃብ ሄዶ እናቲቱን ለመነ፣ አያቲቱን አሳቀ፣ ለአክስትየዋ ሳሪ መረጠ፣ ከኩልጂት ጋር ጓደኛ ሆነ፣ በጠዋት ተነስቶ ከአባትየው ጋር እርግብ መገበ። እርግቦቹ ሳይቀሩ ሀሳብ የሰጡበት ሰርግ ነው። ያልተጠየቀች ሲምራን ብቻ ናት። ይሄን ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

ጋሼ «አንቺ ደግሞ ፊልም ነው፣ ምን ያካብድሻል» አሉኝ፣ ቅድም ውሸት ውሸት ሲሉ የነበሩት ሰውዬ።

አክስቴ ቶናውን እየቀዳች፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ» አለች።

ጋሼ እሱን አልተረጎሙትም።

በነገራችን ላይ የጋሼ ደቀ መዛሙርት በየቢሮው ሞልተዋል። ትንሽ ስሜት ያለበት ነገር ስታወሩ «ኧረ ህንድ ፊልም አታድርጊው» የሚሉት ናቸው። ድሮ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጋፍተው ህንድ ሲያዩ ያደጉ ልጆች፣ ከዚያ ወደ ቱርክ፣ አሁን ደግሞ ወደ ኮሪያ አድገዋል፣ ኮሪያው እኮ ይለያል፣ ሲኒማቶግራፊው ይላሉ። ልዩነቱ እኔ እንደገባኝ ኮሪያዎቹ ሲያፈቅሩ አይጨፍሩም፣ ዝም ብለው ዝናብ ላይ ይቆማሉ፣ አስራ ስድስት ክፍል ሙሉ።

ወደ ሳሎናችን ልመለስ። ነገሩ ተበላሽቶ፣ ሻሩክ ማንነቱ ታውቆ፣ አባትየው በጥፊ አላግቶት፣ እነ ኩልጂት ቀጥቅጠውት፣ ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሲምራን የሙሽራ ልብሷን እየጎተተች መጣች፣ አባትየው፣ አምሪሽ ፑሪ፣ ያ አይኑን ሲያፈጥ ቲቪው የሚሰነጠቅ የሚመስለው ሰውዬ፣ እጇን ጨምድዶ ያዛት። ሻሩክ ደሙ ፊቱ ላይ እየወረደ የባቡሩ በር ላይ ቆሟል። በሩ ክፍት ነው፣ ባቡሩ ደግሞ እንደኔ ሰፈር ታክሲ ነው የሚሄደው፣ ወርዶ በእግሩ ቢመጣ ይደርስ ነበር፣ ግን አይወርድም። ጉሮሮዬ ያዘኝ። ቶሎ ስልኬን። ለካ የተቀረጸበት ጣቢያ ፑንጃብ አይደለም፣ ማሃራሽትራ የሚባል ሌላ ክልል ነው፣ አፕታ የምትባል ትንሽ ጣቢያ። እሺ፣ አፕታ፣ አፕታ፣ አላለቅስም እያልኩ ቀና ስል መብራት ሄደ።

ጸጥ አለ ቤቱ። ፍሪጁ ራሱ ዝም አለ። ከዚያ ሚጡ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የስምንት አመቷ፣ በጨለማው ውስጥ እንባ ባነቀው ድምጽ «ሄደችለት ወይስ አልሄደችለትም?» አለች።

በሩ ጋ የቁልፍ ድምጽ ተሰማ። ጋሼ ከሶስት ሰአት በኋላ በሩን ለቀው እየዳበሱ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ነይ ወዲህ። እጅሽን ስጪኝ። አባትየው እንዲህ አድርጎ ይዟታል። ልቀቀኝ አባባ፣ ያለ እሱ መኖር አልችልም ትለዋለች። ዝም ይላታል። ልጁን ያየዋል። እሷን ያያታል። ባቡሩ እየሄደ ነው።» ድምጻቸው መሀል ላይ ቆረጥ አለ፣ ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ይዞኛል አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። አክስቴ ስኒ ማጠቧን አቆመች። «ከዚያ፣ ከዚያ ይለቃታል» እጇን ለቀቁ፣ «ሂጂ ሲምራን! ሂጂ፣ ህይወትሽን ኑሪ!»

ሚጡም ሂጂ ከተባለች ዘንድ በጨለማው ሮጣ ሄደች፣ ሻማ ፍለጋ።