የፈረስ ስም ያላቸው ሽማግሌዎች

ሁዳዴ ገብቶ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። "ቅዳሜ ሃምፌስት አለ፣ አብረን እንሂድ?" አሉኝ። እኔ የማውቀው ሃም የአሳማ ሥጋ ነው። ፌስት ደግሞ ድግስ።

"ጋሼ፣ እንኳን አሳማ ወተትም አልነካም፤ ጾም ነው" አልኳቸው።

ጋሼ የምላቸው 80 ሊሞላቸው ትንሽ ስለቀራቸው ነው። ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በስማቸው ብጠራቸው ይቀየሙኛል። ሳቁ። ሲስቁ ሳሉ ይቀድማቸዋል። ለካ ሃም ማለት አማተር የሬድዮ ሰው ነው። በገዛ ማሰራጫው፣ ጣሪያው ላይ በሰቀለው ሽቦ፣ ያለ አምስት ሳንቲም ደመወዝ ከዓለም ጋር የሚያወራ። ሃምፌስት ደግሞ ገበያቸው ነው። አሮጌ ሬድዮ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ይለዋወጣሉ።

"ምናለሽ ተራ በሉኛ!" አልኳቸው። አልገባቸውም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። የጋሼ መኪና ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ የሜሪላንድ ነው። ሌላው የግሪንዊች፣ ሃሞች መዝገባቸውን የሚጽፉት በሱ ስለሆነ። ሦስተኛውን የሀበሻውን እኔ በጭንቅላቴ ይዣለሁ። አንድ መኪና፣ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት እንቅልፋም።

ቦታው በበጋ ላምና በግ የሚወዳደሩበት ሜዳ ነው። ሰው የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፍቶ፣ ከፊቱ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሸጣል። ድሮ ሜዳው ስድስት ረድፍ መኪና ይይዝ ነበር አሉ ጋሼ። አሁን አንድ ተኩል ነው። ግማሹ የዶናት ሻጩ ነው። ጥሩ ዕቃ ከነጋ አይገኝም ስለሚባል ሰዉ በጨለማ በእጅ ባትሪ እያበራ ይዞራል። እውነት ነው፣ ከነጋ አይገኝም። በጨለማውም አልነበረም።

ማንም ስሙን አይነግርህም። ኮፍያው ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል፣ እሱ ነው ስሙ። መንግሥት ፈቃድ ሲሰጥ አብሮ የሚሰጠው መጠሪያ ነው። 30 ዓመት የሚተዋወቁ ሰዎች የእናት አባት ስማቸውን አይተዋወቁም። ጋሼ በዚህ ሲኮሩ "አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ማለት እኮ ነው፤ የፈረስ ስም! እኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው" አልኳቸው። ወደዱት። እስከ ምሳ ድረስ ሜዳውን እየዞሩ ለሁሉም ሲነግሩ ዋሉ።

ወሬው አንድ ከዘራ የያዙ ሰውዬ ጋ ደረሰ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ "ኢኮ ታንጎ!" ብለው ጮኹ። ኢቲ ማለታቸው ነው፤ የኢትዮጵያ የሬድዮ መለያ። አሜሪካ ስኖር እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሞኝ አያውቅም። ስለ ረሃብ አልጠየቁኝም፣ ስለ ሩጫም፣ እንጀራ የት እንደሚገኝም። ወታደር ሆነው አስመራ፣ ቃኘው ጣቢያ አገልግለው ኖሯል። ቃኘው አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ድረስ የያዙት የሬድዮ ጣቢያ ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ የዓለምን ወሬ ያዳምጥ ነበር።

"ቃኘው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"የኮሪያ ዘማቾቹ ሻለቃ ስም ነው።"

"ከሻለቃው በፊትስ? አባ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ቃኘ ማለት ደግሞ ሰለለ ማለት ነው፤ ክራርም ይቃኛል።"

ሰውየው ከዘራቸውን አቆሙና ዝም አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ፈረስ ላይ ተቀምጬ ማንም አልነገረኝም?" አሉ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የሜዳው ንጉሥ አር 390 ኤ የሚባል የጦር ሠራዊት መቀበያ ነው። ክብደቱ 38 ኪሎ ገደማ። እንዲህ ያለውን "የጀልባ መልህቅ" ይሉታል። ከሁለት ሰው በታች አይነሳም። የሁለቱ ዕድሜ ሲደመር 150 ይሆናል። ስለዚህ አንዴ ከመኪና ከወረደ ዋጋው ይወርዳል እንጂ ዕቃው ተመልሶ መኪና ላይ አይወጣም። አንዱ ላይ 400 ተሰርዞ 300፣ እሱም ተሰርዞ 250 ተጽፏል። ከሥሩ "እባካችሁ" ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ አንድ ካርቶን ሽቦ "በነፃ" ብሎ አስቀመጠ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። 10 ዶላር ብሎ ሲጽፍበት ተሸጠ።

ገበያው ለምን እንደቀዘቀዘ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። ዋጋ የሚያወጣው ዕቃ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ነው የሚሸጠው። ሜዳ የሚመጣው ኢቤይ የናቀው ወይም ፖስታ ቤት አልሸከምም ያለው ነው። በዚያ ላይ ነዳጁ አለ። ትልቁ ገበያ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በኦሃዮ የሚደረገው የዴይተን ሃምቬንሽን ዛሬም ዚንያ በምትባል ከተማ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ይሰበስባል። እኛስ? ለዓመት ንግሥ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚሄደው ሰው ለሰፈሩ ሰንበቴ አይወጣም።

ሃም ሲሞት "ቁልፉ ዝም አለ" ይላሉ። ቁልፍ የሞርስ፣ የዚያ በነጥብና በሰረዝ የሚላክ መልእክት፣ መምቻዋ ነች። የዛን ቀን አንዲት እናት ቁልፋቸው ዝም ያለ ባላቸውን ዕቃ ዘርግተው ነበር። የሃሞች የቆየ ቀልድ አለ፦ የሚፈሩት ሞትን አይደለም፤ ሚስታቸው ሬድዮውን "በዚህ ገዛሁት" ባሏት ዋጋ እንዳትሸጠው ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ አንድ የሚያብረቀርቅ ማሰራጫ ላይ 40 ዶላር ለጥፈዋል። "በዚህ ነው የገዛው፣ ራሱ ነግሮኛል" አሉ። ሦስት ሽማግሌዎች ተያዩ። ያን ዕቃ ለሟቹ የሸጡት ከሦስቱ አንዱ ናቸው። ማንም አልተነፈሰም። በመጨረሻ ሻጩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እመቤቴ፣ አንድ ዜሮ ረስተዋል" አሉ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቀኑን ሙሉ አላናገሯቸውም።

ከዚያ ቡናው ላይ የታወቀው ለቅሶ ተጀመረ። "ወጣቱ የት ገባ?" በዚህ መሃል አንድ ጎረምሳ ከሰማይ ዱብ አለ። ብቻውን፣ ያለ አያቱ! አንድ ሬድዮ አንስቶ "ይሄ ከላፕቶፕ ጋር ይሠራል?" አለ። ስምንት ሰው ከበበው። "ሞርስ ታውቃለህ?" አሉት። መንግሥት የሞርስ ፈተናን እ.ኤ.አ. በ2007 አስቀርቷል። ዛሬ ለመጀመሪያው ፈቃድ ከ35 ጥያቄ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ለነሱ ግን 2007 ትናንት ነው፣ ቁስሉ አልደረቀም። ልጁ ኤፍቲ8 እንደሚወድ ሲናገር ነገሩ ባሰ። ኤፍቲ8 እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣ ዘዴ ነው። አንዱ ፈጣሪው ጆ ቴይለር በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ናቸው። ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር በየ15 ሴኮንዱ ተራ እየተቀባበለ የፈረስ ስም፣ ያሉበትን አካባቢ፣ "እንዲህ ያህል ትሰማለህ" እና "ሰላም ሁን" ይባባላል። አለቀ።

"ይሄ ወሬ ነው? ሰላምታ ብቻ!" አሉ አንዱ።

እኔ ደግሞ የኛው ሰላምታ ትዝ አለኝ። ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ሁሉ ሰላም፣ በል ቻው። ይሄ ዘዴ ለሀበሻ የተሠራ ነው።

ልጁ 40 ደቂቃ ተመክሮ፣ አንድ ዶናት ይዞ፣ ሬድዮውን ሳይገዛ ሄደ። "አየህ፣ ወጣት ትዕግሥት የለውም" አሉኝ ጋሼ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? የኛም ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ሐሳብ ሲያቀርብ "መጀመሪያ አማርኛህን አስተካክል" ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ገብተው ማንን እንደሚፈልጉ ስሰማ ግን ሳቄ መጣ። ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን። አዲስ አበባ፣ 5 ኪሎ፣ ቴክኖ ግቢ ያለ የአማተር ሬድዮ ክለብ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሰማ ብርቅ ስለሆነ ብቅ ባለ ቁጥር ከመላው ዓለም ይጣደፉበታል። መነጋገሪያው ላይ የሚቀመጡት ደግሞ የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። እዚህ ወጣት ጠፋ እያሉ የሚያለቅሱት ሰዎች ማታ ማታ 20 ዓመት ያልዘለለው ልጅ "ሰማሁህ" እንዲላቸው ወረፋ ይይዛሉ። እኔ በዚያ ግቢ በር ስንት ዓመት አልፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳን ቀና ብዬ አንቴና አላየሁም።

ልንወጣ ስንል ባለ ከዘራው ሰውዬ ክንዴን ያዙኝ። "እባካችሁ" የሚለው መልህቅ የሳቸው ኖሯል። "አስመራ የማዳምጠው በዚህ ዓይነቱ ነበር። ከዚህ ሜዳ ሁሉ ለሱ ቅርብ አንተ ነህ" አሉኝ። እንዲህ ተብሎ ማን ይከራከራል? 250 ዶላሩን ቆጠርኩ። አራት ሆነን ጫንነው፤ ሦስቱ ይመክራሉ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችን። እኔ በአንድ በኩል፣ ጋሼ በሌላ በኩል፣ መሃላችን 38 ኪሎ ብረት።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው? ስንት ገዛኸው?"

ጋሼ አማርኛ ባይሰሙም ጥያቄው ገብቷቸዋል። ሳላቸው መጣ።

"40 ዶላር" አልኳት።