ለክቡር አቶ ውታፍ፣ የሽንት ቤት ቱቦ ነዋሪ

አድራሻ፦ አራት ኪሎ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ሁለተኛውን ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) አለፍ ብሎ
ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደህና መሆንዎን እንኳ የምድር ቤት ሱቆች በአፍንጫቸው መስክረዋል።

በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ በቀላሉ ቤት ያገኘ የለም፤ ዕጣ አልጠበቁ፣ ቁጠባ አልከፈሉ። የቆጠብንልዎ እኛ ነን። ውሃ በፈረቃ ሲሆን አንድ ጆግ፣ ቢበዛ ሁለት ሊትር፣ እናፈስና «ወረደ» ብለን በሩን እንዘጋለን። ወርዷል፤ ግን እስከ አግድሙ ቱቦ ድረስ ብቻ። እዚያ ውሃው ጥሎት ይሮጣል፣ ጠጣሩ ይተኛል፣ በማግስቱ ሌላ ይደረብበታል። እንዲህ ነው ክቡርነትዎ የሚወለዱት።

የሚጠሉትንም ደርሰንበታል፦ ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር ውሃ በባልዲ ባንዴ ሲለቀቅ። ስለዚህ ለሽንት ውሃ እንቆጥባለን፣ ለዋናው ጉዳይ ግን አንሰስትም። ልብስ የታጠበበትም ይሆናል፣ ክሩና ፀጉሩ ከተጠለለ።

ጭፍሮችዎን በተመለከተ፦ ግማሽ ውሃ በያዘ ሃይላንድ ውስጥ አንድ የሽንት ቤት ሶፍት ከተን ብንንጠው ይበጣጠሳል። የገበታ ናፕኪን ግን ቶሎ አይበጣጠስም፤ የሕፃን እርጥብ መጥረጊያማ የፈለገውን ያህል ቢናጥ እንደ ጨርቅ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ማሸጊያው ላይ «በውሃ ይወርዳል» ቢልም አንሰማውም። ሞዴስና ዳይፐርማ ቱቦ ውስጥ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ። የበዓል ሰሞን የዶሮ ወጥ ድስት እጣቢም ትኩስ ሆኖ ወርዶ፣ ሌሊት ብርዱ ሲመታው ቅቤው ማንሆሉ አፍ ላይ ይረጋል። ድስቱን መጀመሪያ በወረቀት መጥረግ ከባድ ሥራ አልነበረም።

ሊያስለቅቁዎ የሚመጡትን ስናይ ደግሞ የእርስዎ ጠበቆች ይመስሉናል። አንዱ ፌሮ ይዞ ይመጣና ጎሚቶውን ሰብሮ ይሄዳል። ሌላው ትናንት በረኪና በተደፋበት ላይ አሲድ ይጨምራል፤ ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል፣ እርስዎን ግን ላያነቃንቅዎ ይችላል። የፈላ ውሃም የመቀመጫውን ሸክላ ሊሰነጥቅ ይችላል።

እኛ የምንመጣው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ቤት ብቻ ከተዘጋ መቀመጫው ሥር ነዎት፤ ከላይ ሲለቀቅ ከታች ካንቦጫረቀ ግን ዋናው መስመር ላይ ነዎትና ማንሆሉ ይከፈታል። ማንም ውስጡ አይገባም፣ የፍሳሹ ጋዝ አፍታ አይሰጥም። መቀመጫው ሥር ከሆኑ ግን፦ ፈሳሽ ሳሙናና ለእጅ የሚቻል ሙቅ ውሃ ጨምረን ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። ከዚያ እጀታ ያለውን የጎማ መምጠጫ ውሃው እስኪሸፍነው ድረስ ቀዳዳው ላይ እንተክላለን። የመጀመሪያውን በቀስታ እንጫናለን፣ አየሩ እንዲወጣ፤ አለበለዚያ ፊታችን ላይ ይረጫል። ከዚያ ሃያ ጊዜ ያህል መግፋትና መሳብ ነው፤ የሚነቅልዎ ስበቱ ነው። እምቢ ካሉ ጠመዝማዛ የሽቦ ገመድ ይከተላል።

መስመሩ የሚወርደው ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ቃሊቲ ውረድ ሲባል ደስ የሚለው እንደሌለ እናውቃለን፤ ቢሆንም ይውረዱ።

ከሰላምታ ጋር
ውታፍ ነቃዮችዎ

ግልባጭ፦
ለ3ኛ ፎቅ፣ ናፕኪን ለሚጥሉት
ለ4ኛ ፎቅ፣ ለጆጓ ባለቤት
ለጥበቃ ክፍል፣ ፌሮ ይዞ የሚገባ ሰው እንዲፈተሽ