ለክቡር አቶ ማጥወልወል፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከጌሜ ላይ እጅዎን እንዲያነሡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ተቀምጬ ስላቀረብኩ ይቅርታ። ብነሣ ምን እንደሚከተል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደንበኛዎ ብዙ ስለሆነ ከሌላ ሰው ጋር እንዳላምታታብዎ ራሴን ላስታውስዎ። ኳስ ጌም ላይ ጉልቤ፣ ተኩስ ጌም ላይ ግን ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ፊቱ አመድ የሚሆነው ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ማዛጋት ይመጣል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ላብ። ከዚያ አፌ በምራቅ ይሞላል። ይሄኔ በር ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። ወንድምዎ አቶ ራስ ምታትም ይከተላሉ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ እንኳ እስከ ማታ ቁጭ ብለው ያመሻሉ።

መቼም ትጋትዎን የሚክድ የለም። በ1961 እ.ኤ.አ. ሶቭየቶች ገርማን ቲቶቭን በቮስቶክ 2 ወደ ሕዋ ሲልኩት አብረው ተሳፍረዋል። ሰውዬው ገና 25 ዓመቱ ነበር። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው፣ ተመርጦ፣ ተፈትኖ፣ ሠልጥኖ። እዚያም ላይ አስመለሱት። ሕዋ ውስጥ ያስመለሰ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ስሙ በታሪክ ተጻፈ። ለእሱ ያልራሩ ለእኔ ይራራሉ ብዬ አልጠብቅም።

የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የኒንቴንዶም ነገር አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. ቨርቹዋል ቦይ የሚባል፣ ፊትን ደፍቶ የሚያዩበት፣ ቀይና ጥቁር ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ አወጣ። ራስ ምታት እንደሚመጣ ሳይጠረጥር አልቀረም። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ጨዋታውን ራሱ የሚያቆም አሠራር አስገባበት። አልበጀውም። በዓመቱ ከገበያ ወጣ። ብቻዎን ነው የገደሉት አልልም። ዋጋውም፣ የጨዋታው ማነስም አግዘውዎታል። ግን እጅዎ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ።

አሠራርዎን አጥንቻለሁ። ውስጠኛው ጆሮዬ ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ትንንሽ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላቴ ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ ወሬውም ለአንጎል ይደርሳል። ጌም ላይ ስሆን ግን ዓይኔ ጣራ ለጣራ ይሮጣል። “ዘለልን፣ ወደቅን፣ ዞርን!” ይላል። ጆሮዬ ደግሞ “ኧረ ምን ሆነሃል፣ ተቀምጠናል” ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ያዩትን፣ የሰሙትን ነው የተናገሩት። ክቡርነትዎ ግን ሁለት ምስክሮች ሲጋጩ መዝገቡን ዘግተው ሆዴን ያስራሉ። ሆዴ በቦታው አልነበረም!

ለምን ሆድ? በ1977 እ.ኤ.አ. ሚሼል ትሬዝማን የሚባል ተመራማሪ አንድ መላ ምት አቅርቦ ነበር። መርዝ የበላ ሰው ያዞረዋል፣ ዓይኑና ጆሮው አይስማሙም። ስለዚህ አንጎል የሁለቱን አለመስማማት ሲያይ “ተመርዘናል፣ አውጣው!” ብሎ ያዛል። መላ ምት ነው፤ የማይቀበሉትም አሉ። እውነት ከሆነ ግን ክቡር ሆይ፣ የበላሁት ሽሮ ነው። ሽሮው ምን አጠፋ?

ደግሞ አድልዎዎ! በአውቶቡስ ሊማሊሞን ስንወርድ ሰውነቴ በየመታጠፊያው ይጠማዘዛል፣ ዓይኔ ግን ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተተክሏል። ይቀጡኛል። ቤት ገብቼ ጌም ስከፍት ዓይኔ ይጠማዘዛል፣ ሰውነቴ ተተክሏል። አሁንም ይቀጡኛል። ሹፌሩን ግን አይነኩትም። መሪ የያዘ ሰው ቀጥሎ ወዴት እንደሚታጠፍ ስለሚያውቅ ሰውነቱ ይዘጋጃል አሉ። እኔ ግን መሪ የያዘን ስለሚፈሩ ነው እላለሁ።

ጌም ቤትም ያው ነው። ጆይስቲክ የያዘው ልጅ ካሜራውን የሚያዞረው ራሱ ነውና ይሻለዋል። ከጎኑ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ምስኪን ግን ገና ሳይነካው ወደ ውጭ ይሮጣል። ሳይጫወት የታመመ! ይህን እንኳ ትንሽ አያፍሩበትም?

ኳስ ጌም ላይ ለምን እንደማይመጡ የገባኝ በቅርብ ነው። ካሜራው ከላይ፣ ከጎን፣ ልክ ትሪቡን ላይ እንደተቀመጠ ደጋፊ ሆኖ ያያል። ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ። አይዘልም፣ አይወድቅም። ሰፈሩ በሙሉ ኳስ ጌም ላይ የተጣበቀው በኳስ ፍቅር ብቻ መሆኑን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። ግማሹ እርስዎን ሸሽቶ ይመስለኛል።

ግብረ አበሮችዎንም አውቃቸዋለሁ። ፕሌስቴሽን ጌም የሚሠሩ ሰዎች ተጫዋቹ ሶፋው ላይ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የእይታውን ስፋት፣ ማለትም ስክሪኑ በአንዴ የሚያሳየውን የዙሪያ ስፋት፣ ያጠቡታል፣ 60 ዲግሪ አካባቢ። እኛ ግን ጉልበታችን ቴሌቪዥኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። በሩ ተዘግቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ አየር የለም። እርስዎ እንዲህ ያለ ቤት ሲያገኙ ግብዣ የተጠሩ ይመስልዎታል።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ያ ጌሙ ውስጥ በተራመድኩ ቁጥር የሚነጥረው ካሜራ ነው። “እውነተኛ እርምጃ እንዲመስል” ይላሉ። የት አገር ነው ሰው ሲራመድ ዓለም ከፍ ዝቅ የሚለው? ጭንቅላታችን ቢነቃነቅም ዓይናችን ራሱ እያካካሰ አስፋልቱን ቀጥ አድርጎ ያሳየናል። እነሱ ተፈጥሮ ያረመችውን መልሰው አበላሹት። ማጥፊያውንም ሴቲንግ ውስጥ ሦስት በር አልፎ ቀበሩት።

መድኃኒት አልጠፋም። እናቴ “ቡና ስላልጠጣህ ነው” ትላለች። እናቴ ዘንድ ከቡና ውጭ የሚመጣ ራስ ምታት የለም። አክስቴ ለአውቶቡስ የምትይዘውን ሎሚ ላከችልኝ። በአንድ እጄ ሎሚ እያሸተትኩ በሌላው ጠላት ስተኩስ የሳቀብኝን ሁሉ መዝግቤአለሁ። ዝንጅብል ሻይ ትንሽ ያረጋጋል፤ እውነቱን እናገራለሁ። ለመንገድ የሚወሰደው ኪኒን ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ያመጣል። ጠላት ሲመጣ ማንኮራፋት ምን ያህል ጥሩ ስልት እንደሆነ አላውቅም።

ጓደኞቼ “ፋራ ነህ፣ ዝም ብለህ ግፋበት፣ ትለምደዋለህ” ይላሉ። መልመድ አለ። ግን የሚለመደው በትንሽ በትንሹ ነው፣ ያቺ ማዛጋት ስትመጣ እያቆሙ። የገፋበትማ እርስዎን ለሰዓታት ያስተናግዳል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እርምጃ ወስጃለሁ። የሚነጥረውን ካሜራ አጥፍቼዋለሁ። ማይንክራፍት ላይ እንኳ ማጥፊያ አለው። ሞሽን ብለር የሚባለውን የምስል ማደብዘዣም ዘግቼዋለሁ። የእይታ ስፋት የሚያስመርጥ ጌም ከሆነ ወደ 90 ከፍ አደርጋለሁ። በሰከንድ 30 ወይስ 60 ምስል ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ውበቱ ይቅርና 60 ይሁን። ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ መብራት አብርቻለሁ። ስክሪኑ መሃል ላይ የምትቆም ትንሽ ነጥብም አግኝቻለሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚረርስ ኤጅ፣ ሰው ከጣራ ጣራ የሚዘልበት ጌም፣ ለእርስዎ ሲል ነው እንዲህ ያለች ነጥብ ያስገባው። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ሲያገኝ ይረጋጋል።

ወንድምዎንም ያስጠንቅቁልኝ። ስክሪን ላይ ሳፈጥ ዓይኔን ማርገብገብ እንደምረሳ አውቀውብኛል። አሁን በየመሃሉ በመስኮት ሩቅ አያለሁ። ጌም ባልነካሁበት ቀንም ብቅ ካሉ ግን ክርክራችን ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ጨርሰው ይጥፉ አላልኩም። ዙሩ እስኪያልቅ በር ላይ ይጠብቁ። የከፈልኩበት ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሆዴ፦ ለመረጃ ያህል።
ለጌም ቤቱ ባለቤት፦ ቬንትሌተሩ ይሠራልን። ፌስታልም አይጥፋ።
ለእናቴ፦ ቡናውን ጠጥቻለሁ። ሦስተኛውንም።