ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፓስዎርድ ማንን ይጠብቃል?

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አዘውትሬ ማኪያቶ የምጠጣበት ካፌ አለ። ከቡና ማሽኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ የካርቶን ብጣሽ ተለጥፏል፤ በእስክሪብቶ ደጋግመው ያደመቁት ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር የዋይፋዩ ፓስዎርድ ነው። አንድ ደንበኛ «ለምን ክፍት አታደርገውም?» ቢለው ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ሌባ እንዲገባብኝ ነው?» ሲል መለሰለት። ካርቶኑ ግን ከበሩ ላይ ሆኖም ይነበባል።

በሕዝብ መገልገያ ቦታ ያለ ዋይፋይ ክፍት ይሁን ወይስ ይቆለፍ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በዚሁ ግምት ላይ ነው፦ ፓስዎርድ ያለው አስተማማኝ፣ የሌለው አደገኛ። ለመኖሪያ ቤትና ለመሥሪያ ቤት ግምቱ ትክክል ነው። ገቢ ወጪው ሁሉ ለሚያውቀው ቁልፍ ግን አይሠራም፤ በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ዋይፋይ ክፍት ቢሆን ይሻላል።

በየካፌው የምናገኛቸው ብዙ ራውተሮች (ዋይፋዩን የሚያሰራጩት መሣሪያዎች) እስካሁን የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ2004 በመጣው ደብሊው ፒ ኤ ቱ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ሁሉም ሰው በአንድ ፓስዎርድ ሲገባ፣ ያንኑ ፓስዎርድ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስልክዎ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን የመጀመሪያ መልእክቶች ከአየር ላይ ካጠመደ፣ የቀረውን የተመሰጠረ ግንኙነትዎን መፍታት ይችላል። ፓስዎርዱ መንገደኛውን እንጂ አጠገብዎ ተቀምጦ ሻይ የሚያማስለውን አያግድም። ያው ሰው የካፌውን ዋይፋይ ስምና ፓስዎርድ በራሱ ስልክ ላይ አስመስሎ ቢከፍት ደግሞ ስልክዎ ሳይለየው ሊገናኝ ይችላል። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ቢሆንም የሚከለክለው ካርቶኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊው ፒ ኤ ስሪ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በዚያው ዓመት የተዋወቀው ኢንሃንስድ ኦፕን ደግሞ ያለ ምንም ፓስዎርድ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ግንኙነት ለየብቻ ያመሰጥራል፤ ራውተሩም ስልኩም አዲስ ከሆኑ ማለቴ ነው።

ክፍት ዋይፋይ ክፉ ስም የወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የተባለ፣ በፋየርፎክስ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም፣ ሙያ የሌለው ሰው እንኳ አብሮት ካፌ የተቀመጠውን ሰው የፌስቡክ ገጽ በአንድ ጠቅታ እንዲከፍት አስችሎ ነበር። ያ ድንጋጤ ግን ፈውሱንም አፋጠነው፤ ታላላቆቹ ድረ ገጾች መልእክቱን ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ እስካለበት ኮምፒውተር) ድረስ ወደሚያመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ ዞሩ። ዛሬ መካከል ላይ የተቀመጠ ሰው የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈቱ ሊያውቅ ይችላል፤ እዚያ የጻፉትን ግን አያነብም።

ባለቤቶች በግልጽ የማይናገሩት ስጋት የመስመር መጨናነቅ ነው፤ እሱ እውነት ነው። በአገራችን እሳት ሲጠፋ ከጎረቤት መጫር ነውር አይደለም፤ የጎረቤቱም ምድጃ አይጎድልበትም። ኢንተርኔት ግን እንደ እሳት አይደለም፤ አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላው ፎቶ መላክ ያቅተዋል። ቢሆንም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ መስመር ባላቸው ጥቂት ቤቶች አጥር ሥር ጋቢ ተከናንበው በደብረ ብርሃን ብርድ ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ሰዎችን ለረሳ ሰው፣ ዋይፋይ የቡና መሸጫ ማጣፈጫ ብቻ ሊመስለው ይችላል። የፈተና ውጤት የሚያይ ተማሪና ከተፈናቀለ ዘመዱ ድምፅ የሚጠብቅ አባት የሚፈልጉት ጥቂት ደቂቃ ነበር። ለመጨናነቁ መፍትሔው ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነትና የጊዜ ገደብ ማበጀት ነው፤ ብዙ ራውተሮች ይህን ይችላሉ።

«በእኔ መስመር ወንጀል ቢሠራስ?» የሚሉም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ጀርመን ውስጥ ሙኒክ አካባቢ ክፍት ዋይፋይ የነበረውን የአንድ ነጋዴ ጉዳይ ሲወስን፣ ሌላ ሰው በመስመሩ ለፈጸመው የቅጂ መብት ጥሰት ካሣ እንደማይጠየቅ፣ ሆኖም ፓስዎርድ እንዲያደርግ ሊታዘዝ እንደሚችል ገልጾ ነበር። ይሁንና ፍርድ ቤቱ ፓስዎርዱ ጥፋት ሊሠራ የሚያስበውን የሚያስፈራው ተጠቃሚው ማንነቱን አሳውቆ ሲቀበለው መሆኑን ጨምሯል። የእኛ ካርቶን መታወቂያ አይጠይቅም።

ስለዚህ በመናኸሪያ፣ በቤተ መጻሕፍትና በሆስፒታል መጠበቂያ ያለው ዋይፋይ ክፍት ይሁን፤ እንግዶቹ ግን እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ ተደርጎ ከተቋሙ መሣሪያዎች ይለይ። ቁልፍ የሚገባው ለተቋሙ መሣሪያዎች ነው። ባለፈው ሳምንት የካፌውን ባለቤት ስጠይቀው የሂሳብ ኮምፒውተሩም የጥበቃ ካሜራውም ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር የተገናኙ መሆናቸውን ነገረኝ። የራውተሩን ማስተካከያ የሚከፍተውስ ፓስዎርድ? ራውተሩን ገልብጦ አሳየኝ፤ ፋብሪካው ከጀርባው እንደለጠፈው ነው።